ካፉን ለክተው ይግዙ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚሸጡ የደም ግፊት መለኪያዎች

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ መሃል ከተማ ፋርማሲ ገብቶ «የግፊት መለኪያ አላችሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚቀርብለት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አይዘልም። አንደኛው ክንድ ላይ የሚጠቀለል፣ በባትሪ የሚሠራ ዲጂታል ነው። ሁለተኛው እንደ ሰዓት የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ትንሽ ዲጂታል ነው። ሦስተኛው በእጅ የሚነፋ፣ መርፌ ያለው ክብ መለኪያና ማዳመጫ አብሮት የሚሸጥ፣ ነርሶች የሚይዙት ነው። ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ለቤት የሚሆነው የክንዱ ዲጂታል ነው። የአንጓው ይቅር። ባለ መርፌው የሠለጠነ ጆሮ ላለበት ቤት ብቻ ይግባ።

ሻጭ ሲያሻሽጥ የሚያወራው ስለ ሣጥኑ ነው፤ ስንት ልኬት እንደሚያስታውስ፣ የልብ ምት መዛባትን እንደሚያሳይ፣ ከስልክ ጋር እንደሚገናኝ። ገዢ ግን መጠየቅ ያለበት ስለ ካፉ ነው፤ ስንት ሴንቲ ሜትር ክንድ ይይዛል? ካፍ የሚባለው ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ ሲሆን፣ ውስጡ አየር የሚሞላ ከረጢት አለ። የከረጢቱ ርዝመት የክንዱን ዙሪያ ቢያንስ ሦስት አራተኛ፣ ቢበዛ ሙሉውን መሸፈን አለበት። ካጠረ፣ ደም ሥሩን ለመጭመቅ ከሚገባው በላይ አየር ይፈልጋል፤ መሣሪያውም ያንን ትርፍ ጉልበት የሰውየው ግፊት አድርጎ ይጽፈዋል።

ስህተቱ ቀላል እንዳይመስል አንድ ጥናት እንጥቀስ። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሙከራ ሰዎችን በልካቸው ካፍና በመደበኛው ካፍ እያፈራረቀ ለካ። ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር፣ ማለትም ልብ ሲጨመቅ ያለው ግፊት፣ በአማካይ 4.8 ነጥብ (ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ) ከፍ አለ። ከዚያም የበለጠ ትልቅ የሚያስፈልጋቸው ላይ ደግሞ 19.5 ከፍ አለ። እንግዲህ እውነተኛ ግፊቱ 125 የሆነ ወፍራም ሰው 144 ተብሎ ይመለሳል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ክኒን ነው። ክንደ ቀጫጭኖቹ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትንሽ ካፍ የሚያስፈልጋቸው በመደበኛው ሲለኩ ቁጥሩ በ3.6 ዝቅ ብሎ ታየ።

ስለዚህ ወደ ፋርማሲ ከመሄድዎ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ይዋሱ። ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ ያለውን ርዝመት ለክተው መሃሉን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ክንድዎን ዘና አድርገው ምልክቱ ላይ ዙሪያውን ይለኩ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አያጥብቅ። መካከለኛ ካፍ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር፣ ሰፊው ከ22 እስከ 42 ይይዛል። ልኩ በሣጥኑ ላይም በራሱ በካፉ ላይም ታትሟል። ክንድዎ 33 ከሆነ ባለ 32ቱ «ትንሽ ቢጠብ ነው» ተብሎ የሚወሰድ አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ የሚገዛ ከሆነ ባለ 42ቱ ይሻላል፤ ቀጭኗን እናትም ወፍራሙን ልጅም ይይዛል። ክንዳቸው ከ22 ያነሰ አዛውንት ካሉ ግን ትንሹ ካፍ ለብቻው ተፈልጎ መገዛት አለበት፣ ያውም ከዚያው መሣሪያ ጋር የሚገጥመው። የሌላ አምራች ካፍ ቱቦው ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ስሌቱ የተሠራው በራሱ ካፍ ነው።

ስሌት የምንለው ምን እንደሆነ እነሆ። ዲጂታሉ መለኪያ ጆሮ የለውም፤ የሚያውቀው ንዝረት ነው። ካፉ ደም ሥሩን ዘግቶ አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ደሙ በምት በምቱ ካፉ ውስጥ ያለውን አየር ያንዘረዝረዋል። ንዝረቱ የሚበረታበት ቦታ አማካይ ግፊት ነው። የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር መሣሪያው ከዚያ ተነስቶ በአምራቹ ቀመር ያወጣቸዋል እንጂ በቀጥታ አይለካቸውም። ስለሆነም ቀመሩ በሰው ላይ ተፈትኖ ማለፍ ይኖርበታል። ፈተናው አይሶ 81060-2 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው፤ ቢያንስ 85 ሰዎች ላይ ከማዳመጫ ልኬት ጋር ተነጻጽሮ አማካይ ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መብለጥ የለበትም። ያለፉት በሞዴል ቁጥር ተዘርዝረው ስትራይድ ቢፒ (STRIDE BP) በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ፋርማሲው ውስጥ ሆነው በስልክዎ መፈለግ ይችላሉ። የሚፈለገው በጀርባው የታተመው ሙሉ ቁጥር ነው፤ ኦምሮን ከሆነ ኤች ኢ ኤም (HEM) ብሎ የሚጀምረው። የምርት ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ጃፓናዊው ኦምሮን ሰው በስሙ ጠርቶ የሚፈልገው ዓይነት ነው። ሣጥኑ ላይ «ቬትናም የተሠራ» የሚል ሲያዩ ሐሰተኛ ነው ብለው የሚመልሱ አሉ፤ ኩባንያው ቬትናም ውስጥ የራሱ ፋብሪካ ስላለው ይህ ብቻውን አያስጠረጥርም። የሚያስጠረጥረው በሣጥኑ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ከመሣሪያው ጀርባ ካለው ሲለይ፣ መመሪያው በፎቶ ኮፒ ሲሆን፣ ወይም ካፉ ላይ የሴንቲ ሜትር ልክ ሳይታተም ሲቀር ነው። ከርካሾቹም መካከል ፈተናውን ያለፉ አሉ። ከመሠረታዊው ሞዴል በላይ ያሉት የሚጨምሩት የማስታወሻ ብዛት፣ የሁለት ሰው መለያ፣ ብሉቱዝ የመሳሰለውን ነው። የልኬቱ ጥራት ከዋጋው ጋር እኩል አይጨምርም። ገንዘቡ ከተረፈ ለሰፊ ካፍ ይዋል።

አሁን ደሴን ብቻ ወደሚመለከት ነገር እንምጣ። ብዙ ኦምሮኖችን ጨምሮ የአያሌ መሣሪያዎች መመሪያ መጨረሻ ገጽ ላይ «የሚሠራበት የአየር ግፊት ከ800 እስከ 1060 ሄክቶፓስካል» የሚል መስመር አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ 810 አካባቢ ነው፤ ክልሉ ውስጥ ለጥቂት ገብታለች። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሯ 750 አካባቢ ይሆናል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የደረሰ መሣሪያ እንግዲህ አምራቹ ዋስትና ከሰጠበት ክልል ወጥቷል። ይህ ማለት ቁጥሩ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። መሣሪያው የሚለካው በካፉ ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ የውጭው አየር ሲሳሳ መነሻው ዜሮም አብሮት ይወርዳል። ሳስቶ ያለውን አየር ለመሙላት ፓምፑ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ሊያጉረመርም ይችላል እንጂ ሌላ የሚያስፈራ ነገር የለም። ያም ሆኖ ሁለት ነገር ይከተላል። ምርጫ ካለ፣ መመሪያው «ከ700 ጀምሮ» የሚለውን መውሰድ ለደሴ ሰው ይመረጣል፤ 700 እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ያደርሳል። ምርጫ ከሌለ ደግሞ ከታች የተገለጸው የማነጻጸር ሥራ ለደሴ ገዢ ግዴታ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ሙቀትም ተጽፏል፤ ከ10 እስከ 40 ዲግሪ። የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ደሴ ላይ ከ10 በታች ይወርዳል። ሌሊቱን ቀዝቃዛ መስኮት ላይ ያደረ መሣሪያ እንደተነሱ አይሠራበት፤ ክፍሉ ይሙቅ፣ ሰውየውም ይሙቅ። ብርድ ራሱ ደም ሥርን አጥብቦ ግፊት ይጨምራል፤ የሚንቀጠቀጥ ክንድ ደግሞ ንዝረት ለሚቆጥር መሣሪያ ጠላቱ ነው።

ባትሪው ብዙውን ጊዜ አራት ቀጫጭን ድንጋይ ነው፤ አልካላይን የሚባለው ይሻላል፤ ርካሹ ቶሎ ይደክምና መሣሪያው ግማሽ ላይ ነፍቶ ይቆማል። የመብራት አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይሸጣል። ከስልክ ቻርጀር የተቀናጀ አዳፕተር አይሰካበት። ለወራት የማይጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን ያውጡ፣ ፈሶ ማገናኛውን ይበላዋል። ቱቦውን መሣሪያው ዙሪያ አጥብቆ መጠቅለል ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው፤ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቅና አየር ያስወጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፓምፑ ይሠራል፣ ካፉ ግን አይጠነክርም፣ ከዚያ የስህተት ምልክት ይመጣል። የስህተት ምልክት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የቱቦው መሰኪያ፣ ቀጥሎ የካፉ አጠቃለል፣ ከዚያ የሰውየው መንቀሳቀስ ነው። መሣሪያውን የሚወቅሱት ሦስቱን ካለፉ በኋላ ነው።

የአንጓው ዲጂታል ይማርካል፤ ትንሽ ነው፣ ልብስ አያስወልቅም። ችግሩ ያለው ቁመቱ ላይ ነው። አንጓው ከልብ በታች በ10 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ቁጥሩ ወደ 8 ነጥብ ገደማ ከፍ ይላል፣ ከልብ በላይ ሲወጣም በዚያው ልክ ይወርዳል። ይህ የደሙ የራሱ ክብደት ነው፤ ጥሩ ሞዴልም አያስቀረውም። ጭን ላይ አስቀምጦ የሚለካ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። የክንድ ካፍ በምንም መጠን የማይገጥመው በጣም ወፍራም ክንድ ካልሆነ በስተቀር ገንዘብ አይከፈልበትም።

ባለ መርፌው የእጅ መለኪያ ድንጋይ አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም፤ ልቡ በመዛባት ለሚመታ ሰው ከዲጂታሉ ይልቅ ይታመናል። ግን ሙያ ነው። መጀመሪያ አየሩ ወጥቶ ሳለ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙ ይታያል፤ ዜሮ ላይ ያልተኛ መርፌ ያለው አይገዛም፣ ተገዝቶም ከሆነ ይስተካከላል። የአንጓውን ምት በጣት ይዞ ምቱ እስኪጠፋ ይነፋል፤ ከዚያ 30 ነጥብ ይጨመርበታል። ይህ እርምጃ የሚዘለል ይመስላል፤ አይዘለልም። አንዳንድ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ድምፁ ተሰምቶ መሃል ላይ ይጠፋና እንደገና ይመጣል፤ በግምት ብቻ እስከ 150 የነፋ ሰው ያንን የመሃል ዝምታ ከላይኛው ቁጥር በላይ ያለው ዝምታ መስሎት እውነተኛውን 180 ሊያልፈው ይችላል። አየሩ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ይለቀቃል። የመጀመሪያው ተከታታይ «ጧ» የላይኛው ቁጥር ነው፤ ድምፁ ፈጽሞ የጠፋበት የታችኛው። ድምፆቹን ለይቶ የገለጻቸው ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ነው፣ በ1905 እ.ኤ.አ.፤ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

የእጅ መለኪያ ትልቁ ጉድለት የሰው እጅና ዓይን ነው። አየሩን ቶሎ የለቀቀ የላይኛውን ያሳንሳል፣ የታችኛውን ያበዛል። ሁለተኛው ነገር ማጠጋጋት ነው። መርፌው በየ2 ነጥብ ተሠምሯል፤ ስለዚህ 134፣ 138፣ 142 የሚል ቁጥር መውጣት አለበት። የመለኪያ ካርድዎ ላይ ሁልጊዜ 120 በ80፣ 130 በ80፣ 140 በ90 ብቻ ከተጻፈ፣ የለካው ሰው አድምጦ ሳይሆን ገምቶ ነው የጻፈው። ባለ መርፌው ቢወድቅ ወይም ቢመታ ውስጡ ያለው ጸደይ ይዛባል፤ በየስድስት ወሩ መፈተሽ ያስፈልገዋል። የድሮው የሜርኩሪ ዓምድ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ግን ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ማምረቱንና መነገዱን ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዲቀር አድርጓል። አሮጌ ከየት ተገኝቶ ቢቀርብልዎ አይግዙ።

በጥቂት ብር የሚለኩ ፋርማሲዎችና መንገድ ዳር በርጩማ ዘርግተው የሚለኩ ወጣቶችስ? መሣሪያቸው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚያበላሸው አቀማመጡ ነው። ሰውየው ዳገቱን ወጥቶ ያለከልካል፣ ጀርባው ያለ ድጋፍ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ክንዱ ተንጠልጥሏል፣ ሹራቡ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንዱን እንደ ገመድ አስሮታል፤ ለኪው ደግሞ «አባባ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» እያለ ያወራዋል። ክንዱ ጭን ላይ ሲሆን የላይኛው ቁጥር ወደ 4 ነጥብ፣ ወደ ጎን ሲንጠለጠል 6.5 ገደማ እንደሚጨምር በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሽንት መያዝ፣ ማውራትና እግር አነባብሮ መቀመጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጨምራሉ። እነዚህ ሲደመሩ አንድ ጤነኛ ሰው «በሽተኛ» ሆኖ ይወጣል። አገልግሎቱ ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም፤ «ጀርባ የሚደገፍ ወንበር አላችሁ? አምስት ደቂቃ ልረፍ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ክንድ ተለክቶ ሁለት መጠን ካፍ ከቀረበልዎ ደግሞ ቦታውን ይያዙት።

ቤት ውስጥ ደግሞ እንዲህ ነው። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ከባድ ሥራ አይኑር። በአቦልና በቶና መካከል መለኪያ ማምጣት አይገባም፤ ወይ ከቡናው በፊት ወይ በረካው አልፎ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው። ጫት ከተቃመ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይበቃም፤ ግፊቱን ለሰዓታት ከፍ አድርጎ ያቆየዋል፣ ያን ቀን መለካት ይቅር። ሽንት ይውጣ። ጀርባው የሚደገፍ ወንበር ላይ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አሳርፈው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ስልክም ዝም ይበል። ክንዱ ባዶ ይሁን፤ ጋቢው ትከሻ ላይ ይቅር፣ የሹራቡ እጅጌ ግን ይውለቅ እንጂ አይጠቅለል። የካፉ የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ቱቦው በክንዱ ውስጠኛ በኩል ወደ መሃል ጣት አቅጣጫ ይውረድ። ጥብቀቱ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ነው። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ የካፉ መሃል ከልብ ጋር እኩል ይሁን፤ የቡና ረከቦት ዝቅ ይላል፣ የምግብ ጠረጴዛ ልክ ነው፤ ካነሰ ትራስ ይደገፍበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ክንድ ይለኩ፤ ከዚያ ወዲያ ከፍ ባለው ክንድ ብቻ ይቀጥሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በተደጋጋሚ ከ10 በላይ ከሆነ ለሐኪም የሚነገር ነው። ጠዋት ቁርስና ክኒን ሳይቀመስ ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በመካከላቸው አንድ ደቂቃ እየጠበቁ ለሰባት ቀን ይለኩ። የመጀመሪያው ቀን ይጣል፤ የቀረው ይደመርና ይካፈል። ቤት ውስጥ የሚታየው አማካይ 135 በ85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ከፍተኛ ይባላል፤ ሐኪም ቤት ያለው ወሰን 140 በ90 ነው። አንድ ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ ሌላ ክኒን መዋጥ፣ ወይም ደህና ቁጥር አይቶ ክኒን ማቆም፣ ሁለቱም ጥፋት ነው። «ሲነሳብኝ ራሴን ያመኛል፣ ያን ጊዜ እለካለሁ» የሚባለውም አይሠራም፤ ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው የሚሠራውን የሚሠራ። ግን 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከአፍ መጣመም፣ ከእጅ እግር መድከም ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ሁለተኛ መለካት አያስፈልግም፤ ወደ ሆስፒታል ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የቤት መለኪያ በርግዝና ላይ ካልተፈተነ አይታመንበት፤ 140 በ90 ቢያሳይ ግን ነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ።

ማነጻጸሩ እንዲህ ይደረጋል። መሣሪያውን ከነካፉ ይዘው ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ፣ ወይም ደሴ ሆስፒታል፣ ወይም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይሂዱ። በአንድ ክንድ ላይ ነርሷ በማዳመጫ፣ ከዚያ የእርስዎ መሣሪያ፣ እንደገና ነርሷ፣ እንደገና መሣሪያው፤ በመካከሉ አንድ አንድ ደቂቃ። የሁለቱ አማካይ ልዩነት እስከ 5 ከሆነ መሣሪያው ደህና ነው። ከ5 በላይ እስከ 10 ከሆነ ይደገም። ከ10 ካለፈ፣ ካፉ ልክዎ መሆኑን አረጋግጠው፣ ወደ ሻጩ ይመልሱ። ይህንን በየዓመቱ፣ መሣሪያው ከወደቀም ወዲያውኑ። ለዚህ ሲባል ደረሰኙ ላይ የሞዴል ቁጥሩ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ «የግፊት ማሽን 1» ብቻ የሚል ደረሰኝ ለመመለስ አያገለግልም።